የባለሱቁ ፊትና የዱቤ ደብተሩ



በሰፈራችን ሁላችንም «ሐጂ» ብቻ እያልን የምንጠራቸው አንድ አዛውንት ባለሱቅ አሉ፡፡ ሱቃቸው ከሁለት ሰው በላይ አያስቆምም፡፡ ሆኖም ስኳሩም፣ ዘይቱም፣ ሳሙናውም፣ የልጆች ደብተሩም ከዚያች ጠባብ ቦታ አይጠፋም፡፡ ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ ወደ እርሳቸው መጣ፡፡ ዓላማው መልካም ነበር፡፡ አነስተኛ ነጋዴዎችን ለማክበርና ለማስታወስ የፎቶግራፍ ስብስብ እያዘጋጀ መሆኑን በአክብሮት ነግሮ ፈቃዳቸውን ጠየቀ፤ እርሳቸውም ፈቀዱለት፡፡ ቀጥሎ ግን የታሸገውን ውኃና የሞባይል ካርድ ማስታወቂያውን ከፊት እንዲያነሱ፣ ከጓዳ አቧራ ለብሶ የተቀመጠውን የድሮ ሚዛን አውጥተው ባንኮኒው ላይ እንዲያስቀምጡ ለመናቸው፡፡ የዱቤ ደብተራቸውንም «ፎቶውን ያበላሻል» ብሎ ራሱ ገለል አደረገው፡፡ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያነሳ ቆይቶ አመስግኖ ሄደ፡፡

በማግሥቱ ስለ ነገሩ ብጠይቃቸው ፈገግ አሉና «ልጄ፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ አላህ ይባርከው፡፡ ግን ያነሳው የእኔን ሱቅ አይደለም፤ የአባቴን ሱቅ ነው፡፡ ደግሞም አንድ ሳሙና እንኳ ሳይገዛኝ ሄደ» አሉኝ፡፡

ይህ የሐጂ ንግግር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፡፡ ባለሱቆችን በፎቶግራፍ ለማወደስ በሌላው ዓለም የተሠሩትን የታወቁ ሥራዎችም በእርሳቸው ዓይን መመልከት ጀመርኩ፡፡ ስለ ፎቶግራፍ ሸሪዓዊ ብይን ዑለሞች የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ ያንን ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ፡፡ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፡፡ ባለሱቁን አከበርነው ብለን ፎቶ ስናነሳው በእርግጥ ያከበርነው ማንን ነው? እርሱን ወይስ የራሳችንን ትዝታ?

ከፓሪስ እስከ ኒውዮርክ

የዚህ ዓይነቱ ሥራ ዕድሜው ረጅም ነው፡፡ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ኤዥን አትዤ የተባለ ፈረንሳዊ ከባድ የእንጨት ካሜራውን ተሸክሞ በፓሪስ ጎዳናዎች ይዞር ነበር፡፡ የመብራት ሽፋን አዟሪውን፣ ዳቦ አመላላሿን፣ በኋላም የየሱቁን መስኮት አነሳ፡፡ አትዤ እኔ አርቲስት ነኝ የሚል ሰው አልነበረም፡፡ ፎቶግራፎቹን ለሠዓሊዎች፣ ለቤተ መጻሕፍትና ለሙዚየም እንደ መረጃ እየሸጠ የሚኖር፣ ራሱም አነስተኛ ነጋዴ የነበረ ሰው ነው፡፡ ምናልባትም ሥራው ከብዙዎቹ የጠራ የሆነው ለዚህ ይሆናል፡፡

እ.ኤ.አ. በ1927 አትዤ ሲሞት ካስቀመጣቸው ፎቶግራፎች ብዙዎቹን ገዝታ ወደ አሜሪካ የወሰደችው በርኒስ አቦት የምትባል ፎቶግራፍ አንሺ ናት፡፡ እርሷም በበኩሏ ከ1935 እስከ 1939 በመንግሥት ድጋፍ የኒውዮርክን ከተማ አነሳች፡፡ ከሥራዎቿ አንዱ በ1938 በባወሪ ጎዳና የተነሳው የብረታ ብረት ዕቃ መደብር ነው፡፡ ዕቃው ከሱቁ ተርፎ በደጅ ተንጠልጥሏል፤ ዋጋውም ተጽፎበታል፡፡ አቦት «ይህ ዋጋ ፎቶውን ያበላሻል» ብላ አላነሳችውም፡፡ ሱቅ ማለት የሚሸጥበት ቦታ ነውና! በ1937 በብሊከር ጎዳና ያነሳችው ዳቦ ቤትም እንዲሁ መስኮቱ በትኩስ ሥራ የተሞላ፣ በሕይወት ያለ ቤት ነው፡፡ ያ ዳቦ ቤት የተዘጋው በ2004 ነው፡፡ ፎቶው ከተነሳ በኋላ 67 ዓመት ዳቦ ሸጧል ማለት ነው፡፡ አቦት ያነሳችው በሥራ ላይ ያለን ሱቅ እንጂ ሊሞት ነው ተብሎ የሚታዘንለትን አልነበረም፡፡

በ1950 እና በ1951 ደግሞ ኧርቪንግ ፔን የተባለው አሜሪካዊ ለአንድ የፋሽን መጽሔት በፓሪስ፣ በለንደንና በኒውዮርክ ሠራተኞችንና ነጋዴዎችን አነሳ፡፡ ዓሣ ሻጩን፣ ሥጋ ሻጩን፣ ዳቦ ጋጋሪውን ከነሥራ ልብሳቸውና ከነመሣሪያቸው ወደ ስቱዲዮ እያስመጣ፣ ከኋላቸው አንድ ያረጀ መጋረጃ ሰቅሎ በመስኮት ብርሃን ነበር ያነሳቸው፡፡ እነዚህ ፎቶግራፎች እጅግ ያማሩ ናቸው፤ ክብርም አላቸው፡፡ ዓሣ ሻጩ እንደ መኳንንት ቀጥ ብሎ ቆሟል፡፡ ነገር ግን ሱቁ የለም፡፡ ደንበኛው የለም፡፡ ሰውዬው ከኑሮው ተነቅሎ ለብቻው ቀርቷል፡፡ ለፔን ሚዛን የምናስቀምጥለት አንድ ነገር ግን አለ፤ ለተነሱት ሰዎች ከፍሏቸዋል፡፡ በተለይ ፓሪሶቹ በነገሩ ቢጠራጠሩም ለክፍያው ሲሉ እንደመጡ ራሱ ተናግሯል፡፡ የሰው ጊዜ ገንዘቡ መሆኑን አልዘነጋም ማለት ነው፡፡

ተመልሶ የሄደው ሰው

ከሁሉም ይልቅ ልቤን የነካው የእንግሊዛዊው የጆን ሎንዴይ ሥራ ነው፡፡ ሎንዴይ ከ1972 እስከ 1987 ባለው ጊዜ በብሪታንያ እየዞረ አሮጌ ሱቆችን ከነባለቤቶቻቸው አነሳ፡፡ አብዛኞቹ ባለቤቶች በዕድሜ የገፉ ናቸው፡፡ ከባንኮኒያቸው ኋላ፣ እስከ ጣሪያ በተደረደረ ዕቃ መካከል ቆመው ይመለከቱናል፡፡ እስከዚህ ድረስ ሎንዴይ ከሌሎቹ ብዙም አይለይም፡፡ የሚለየው ቀጥሎ ባደረገው ነገር ነው፡፡ በ2004 ወደዚያው ተመልሶ ያነሳቸውን ሱቆች አንድ በአንድ ፈለገ፡፡ በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ ከገቡት 60 ሱቆች መካከል ሥራ ላይ ያገኘው 7 ብቻ ነበር፡፡

ውድ አንባቢያን፣ ይህችን ቁጥር ደጋግመን እናስባት፡፡ ሃምሳ ሦስቱ የሉም፡፡ ሎንዴይ ባይመለስ ኖሮ መጽሐፉ ያማሩ ፎቶግራፎች ስብስብ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር፡፡ በመመለሱ ግን ምስክርነት ሆነ፡፡ «እነዚህ ነበሩ፤ አሁን የሉም፤ ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፡፡

የሚያሳዝነው፣ የ«ለምን» መልስ በፎቶው ውስጥ አለመኖሩ ነው፡፡ ባለቤቱ አርጅቶ ሲሞት ልጆቹ ሱቁን አለመፈለጋቸው አንድ ምክንያት ነው፡፡ ሌላም አለ፡፡ በብሪታንያ እስከ 1964 ድረስ አምራቹ የዕቃውን የችርቻሮ ዋጋ ሊወስን ይችል ነበር፤ ትልቁም ትንሹም ሱቅ በአንድ ዋጋ ይሸጣል፡፡ በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ይህን አሠራር በአብዛኛው ሲያስቀር፣ በብዛት የሚገዙት ሱፐርማርኬቶች ዋጋ እየቀነሱ የትንሹን ሱቅ ደንበኛ ወሰዱ፡፡ ሸማቹ በርግጥ በርካሽ ገዝቷል፤ ይህንን መካድ አይገባም፡፡ ነገር ግን በ1972 በሎንዴይ ካሜራ ፊት የቆሙት አዛውንቶች ያ ሕግ ከወጣ ስምንት ዓመት ያለፋቸው፣ ቀስ በቀስ እየተሸነፉ የነበሩ ሰዎች ናቸው፡፡ እኛ ፊታቸውን አይተን «እንዴት ደስ ይላሉ!» እንላለን፡፡

ኪራይ ፎቶ አይነሳም

በኒውዮርክም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፡፡ ጀምስና ካርላ መሪ የተባሉ ባልና ሚስት በከተማይቱ እየጠፉ ያሉ ሱቆችን ፊት አንስተው በ2008 ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ፡፡ ቀለሙ፣ የበሩ ላይ ጽሑፉ፣ የመስኮቱ ድርድር ሁሉ ያምራል፡፡ እኔ ግን ከፎቶዎቹ ይልቅ የወደድኩት ከጎናቸው የሰፈረውን የባለቤቶቹን ቃል ነው፡፡ ሰዎቹ ስለ ሥራቸው፣ ስለ አባቶቻቸው፣ በተለይም ስለ ኪራይ ይናገራሉ፡፡ በዚያች ከተማ ከ1945 ጀምሮ የሱቅ ኪራይ በሕግ የተገደበ ነበር፤ ገደቡ በ1963 መጨረሻ ቀረ፡፡ ከዚያ ወዲህ የኪራይ ውሉ ሲያልቅ አከራዩ የፈለገውን ሊጠይቅ ይችላል፡፡ ሕንፃው የራሱ የሆነ ባለሱቅ ይቆያል፤ ተከራዩ ይለቃል፡፡

ይህንን ካሜራ ሊያሳየን አይችልም፡፡ ፊት ይነሳል፤ መደርደሪያ ይነሳል፤ ኪራይ ግን ፎቶ አይነሳም፡፡ ስለዚህ ፎቶ አንሺው ብዕርም ሊይዝ ይገባዋል፡፡ ከፎቶው ሥር የሰውዬውን ስም በፈቃዱ፣ ምን እንደሚሸጥ፣ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ምን እንደሚያሳስበው ካልጻፈ፣ ባለሱቁ ከሱቁ ዕቃዎች እንደ አንዱ ሆኖ ይቀራል፡፡

«ታዲያ ፎቶ ሱቅ ሊያድን ነው ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፡፡ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፡፡ አያድንም፡፡ የሎንዴይን 53 ሱቆች ማንም አላዳናቸውም፤ ነገር ግን ፎቶው ባይኖር ኖሮ ለልጅ ልጆቻቸው የሚታይ ነገር ባልቀረ ነበር፡፡ ያ ራሱ ትልቅ ውለታ ነው፡፡ እኔ የምለው ማስታወስን ከመርዳት ጋር አናምታታ ነው፡፡ ሰውን ገና በሕይወት ሳለ እንደ ሟች ማስታወስ ደግሞ ክብር አይደለም፡፡

ወደ ራሳችን ስንመለስ

እኛም ከዚህ አልራቅንም፡፡ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ በእሳት ሲጎዳ፣ ብዙዎቻችን የድሮ ፎቶግራፍ ፈልገን አዝነናል፡፡ ከዚያ በፊት ግን ከእነዚያ ሱቆች የአንዱን ባለቤት ስም የምናውቅ ስንቶቻችን ነበርን? ሱቅ ሲጠፋ የሚጠፋው ዕቃው ብቻ አይደለም፡፡ ደመወዝ ሳይደርስ ዱቄት የሚሰጥ፣ የልጃችንን ጠባይ የሚያውቅ፣ ቁልፍ አደራ የሚቀበል ሰው ይጠፋል፡፡ ይህ ሁሉ የተጻፈው ደግሞ ወጣቱ ገለል ባደረገው በዚያ በተቀዳደደ የዱቤ ደብተር ላይ ነው፡፡ የሐጂ ሱቅ እውነተኛ ፎቶግራፍ እርሱ ነበር፡፡

ስለ ሚዛኑም አንድ ቃል ልበል፡፡ በቁርኣናችን 83ኛው ሱራ የተሰየመው ሚዛን በሚያጎድሉ ሰዎች ነው፡፡ ለእኛ ሚዛን አማና እንጂ ጌጥ አይደለም፡፡ የማይመዘንበትን ሚዛን ለውበት ብሎ ባንኮኒ ላይ ማስቀመጥ የነጋዴውን ታማኝነት አያሳይም፡፡ ታማኝነቱን የሚያውቁት ዛሬ የመዘነላቸው ደንበኞቹ ናቸው፡፡

እንግዲህ ካሜራ ወይም ስልክ በእጃቸው ላለ ወጣት ልጆቻችን ምክሬ አጭር ነው፡፡ አስፈቅዳችሁ አንሱ፤ ሱቁን እንዳለ አንሱ፤ የሰውዬውን ቃል ጻፉ፤ ፎቶውን አሳጥባችሁ ስጡት፤ ከዓመት በኋላም ተመልሳችሁ ጠይቁት፡፡ እኛ ወላጆች ደግሞ ከሁሉ በፊት የምንችለውን እናድርግ፡፡ ለሰፈራችን ባለሱቅ ከፎቶና ከምስጋና የሚበልጥ ውዳሴ አለ፤ እርሱም ዱቤን በቀኑ መክፈል ነው፡፡ እኔም ይህንን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት ሐጂ ዘንድ ሄጄ ሁለት ወር የቆየውን ሒሳቤን ዘጋሁ፡፡ እርሳቸውም ደብተሩን ገልጠው ስሜን ሰረዙና «አሁን ጻፍ» አሉኝ፡፡

ወላሁ አዕለም፡፡