22 ደቂቃ ወይስ 22 ሜትር?

22 የሚለውን ቁጥር የቀረኝ ደቂቃ መስሎኝ ነበር። ቦታው ጅቡቲ፣ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ነው። የዕለቱ ሁለተኛ ጥለቃችን ነው፤ ውሃው ደፍርሷል፣ ሌሎቹን ላለማጣት ስቀዝፍ ትንፋሼ በዝቷል። ክንዴ ላይ ያሰርኩት የተከራየሁትን ዳይቭ ኮምፒውተር ነበር። ስክሪኑ ላይ ጥልቀቱና እዚያ ጥልቀት ላይ ለመቆየት የቀረው ጊዜ ጎን ለጎን፣ በአንድ መጠን፣ ያለ በቂ መለያ ተቀምጠዋል። መሪያችን እጄን ይዞ ስክሪኑን ራሱ አየና «እንውጣ» ሲል አውራ ጣቱን ወደ ላይ አቀና። 22 ጥልቀቴ ነበር። የቀረኝ 3 ደቂቃ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ዳይቭ ኮምፒውተር ስመዝን የማስቀድመው ጥያቄ አንድ ነው፤ የደከመ፣ የበረደው፣ ትንሽም የደነገጠ ሰው አንዴ አይቶ ይረዳዋል ወይ? ዋጋውንም፣ በካርቶኑ ጀርባ የተደረደረውንም የቴክኒክ ዝርዝር የማየው ከዚህ በኋላ ነው።

መሣሪያው በእርግጥ የሚለካው ግፊትንና ጊዜን ነው። በሰውነታችን ውስጥ ስንት ናይትሮጅን እንደገባ አይለካም፤ ያሰላል። ከሲሊንደር የምንተነፍሰው አየር አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ጥልቀት በጨመረ ቁጥር ግፊቱ ይበረታና ጋዙ በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ጠላቂው ቀስ ብሎ ከወጣ በሳንባው በኩል ይወገዳል፤ ተጣድፎ ከወጣ ግን የተነቀነቀ አምቦ ውሃ ድንገት ሲከፈት የሚሆነው በሰውነቱ ውስጥ ይሆናል። ሁሉም የሰውነት ክፍል ደግሞ ጋዙን በእኩል ፍጥነት አይቀበልም። ነጠላና ጋቢ አብረው ቢነከሩ ነጠላው ቶሎ ይርሳል፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ጋቢው ግን ውሎ አድሮም እርጥብ ነው። ጆን ስኮት ሃልዴን በ1908 ያሳተመው፣ በፍየሎች ላይ የተፈተነው ጥናት የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። የዙሪኩ ሐኪም አልበርት ቡልማን ደግሞ ስሌቱን በ16 ክፍል አደራጀው። ፈጣኑ ክፍል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ግማሽ ይሞላል፤ ዘገምተኛው ለዚያው 635 ደቂቃ ይፈልጋል። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በቡልማን ቀመር ወይም በቅርብ ዘመዶቹ ነው።

ስሌት በመሆኑም መልሱ ይለያያል። 30 ሜትር ላይ በአየር ለሚጠልቅ ሰው የጥለቃ አሠልጣኙ ድርጅት የፓዲ ሠንጠረዥ 20 ደቂቃ ይፈቅዳል፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሠንጠረዥ 25። ጠንቃቃ ኮምፒውተሮች ከሁለቱም ያነሰ ይሰጣሉ። ስለዚህ ሻጩ «ይሄኛው ብዙ ደቂቃ ይሰጣል» ሲል ያሞገሰው እንዳይመስላችሁ። የነገራችሁ ነገር ቢኖር መሣሪያው ወደ ወሰኑ ይበልጥ እንደሚያስጠጋችሁ ነው። ለእኔ የጥሩ ሥራ ምልክቱ አምራቹ በየትኛው ቀመር እንደሚያሰላ በግልጽ መናገሩና የጥንቃቄውን ልክ ለጠላቂው መተዉ ነው። ሺርዋተር ለምሳሌ 45/95፣ 40/85 እና 35/75 የሚሉ ምርጫዎችን ያቀርባል። ሁለተኛው ቁጥር ከውሃ ስንወጣ ቡልማን ላስቀመጠው ወሰን ምን ያህል እንደምንቀርብ በመቶኛ ይናገራል። ዕድሜዬ ሲገፋና እንቅልፌ ሲጎድል ወደ 75 ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ምን እንዳደረግሁም አውቃለሁ። «ደረጃ 1፣ ደረጃ 2» ብቻ የሚል መሣሪያ ይህን ዕውቀት ይነፍገኛል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ከ200 እስከ 300 ዶላር ገደማ እንደ ክሬሲ ሊዮናርዶ፣ ማሬስ ፑክ እና ሱንቶ ዙፕ ኖቮ ያሉት ይገኛሉ። ቁጥራቸው ትልልቅ ነው፣ ናይትሮክስ የሚባለውን ኦክስጅን የበዛበት ድብልቅ ይቀበላሉ። ሊዮናርዶ ያለው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ የፈለጉት ነገር ካመለጠ እንደገና ዙሩን መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህ ግን የሚያሰለቸው ጀልባ ላይ ነው፤ ውሃ ውስጥ ከተገባ በኋላ የሚነካ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በዓመት አንድ ሳምንት እስከ 18 ሜትር ለሚጠልቅ ሰው ከዚህ በላይ ማውጣት ግዴታ አይደለም። የተረፈውን ገንዘብ ለጥሩ አስተማሪ ቢከፍለው የተሻለ ይጠቅመዋል።

500 ዶላር አካባቢ ያለው መደብ ነው ለእኔ እውነተኛው ፉክክር ያለበት። በ2020 የወጣው ሺርዋተር ፔሪግሪን ባለ ሁለት ቁልፍ ነው፤ ሰፊ ባለቀለም ስክሪን አለው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ስሙ ከጎኑ ተጽፏል። ኮምፓስ የለውም፣ ከሲሊንደር ጋርም አይገናኝም። ሠሪዎቹ ምን መተው እንዳለባቸው አውቀው የሠሩት ዕቃ በመሆኑ እወደዋለሁ። ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው በኋላ የመጣውን ፔሪግሪን ቲኤክስ ይመለከታል። በተቀራራቢ ዋጋ ጋርሚን ዲሴንት ጂ1 አለ፤ እሱ ግን የስፖርት ሰዓትም ነው፣ ስክሪኑም ያነሰ ነው።

ከ1,000 ዶላር በላይ ሺርዋተር ቴሪክና ጋርሚን ዲሴንት ኤምኬ3 ይቀመጣሉ። ያማሩ ሰዓቶች ናቸው፤ ቢሮም ሠርግም ይታሰራሉ። ነገር ግን ዋጋው የጨመረው ብዙ መረጃን በትንሽ ክብ ውስጥ በማስገባቱ ስለሆነ፣ ዓይኑ ለደከመ ጠላቂ ርካሹ ትልቅ ስክሪን ሊበልጥበት ይችላል። በ2022 የመጣው አፕል ዋች አልትራም በኦሺያኒክ ፕላስ መተግበሪያ እስከ 40 ሜትር ያገለግላል፤ ወርሃዊ ክፍያውን ግን ከመነሻ ዋጋው ጋር ደምሮ ማየት ነው። የሲሊንደሩን ግፊት በገመድ አልባ የሚልከው ትራንስሚተርም ብቻውን ከ300 እስከ 400 ዶላር ያስወጣል። ምቾቱ አያከራክርም፤ ባትሪው ቢያልቅስ ብዬ ግን ባለ ቱቦውን የግፊት መለኪያ እስካሁን አልፈታሁትም።

ሱቅ ውስጥ ስንሆን ባዶውን ስክሪን እያዩ መወሰን ስህተት ነው። ሻጩ መሣሪያውን የጥለቃ ገጹን ወደሚያሳይ ማሳያ እንዲያስገባው ይጠይቁ። ከዚያ ክንድዎን ዘርግተው፣ መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ አውልቀው ያንብቡት። ጥልቀቱ የቱ ነው? የቀረው ደቂቃስ? ጠልቆ ለማያውቅ ጓደኛ አሳይተው እሱ ከለየው ሥራው ጥሩ ነው። ቁልፉን በወፍራም ጓንት ይጫኑት፤ ጠቅ ማለቱ ለጣት ካልተሰማ እጅ ሲደነዝዝ ጭራሽ አይሰማም። ማስጠንቀቂያው ይጮኻል ወይስ ይንቀጠቀጣል? ስምንት ሰው አብሮ ሲጠልቅ አንዱ ጩኸት ሁሉንም ወደየራሱ ክንድ ያስዞራል፤ ንዝረት ግን የሚናገረው ለባለቤቱ ብቻ ነው።

ገዢዎች የሚረሱት ጥያቄ ደግሞ አለ፤ ስሳሳት ምን ያደርጋል? ጊዜው አልፎብን የግድ የማቆያ ፌርማታ ሲመጣ ጥሩው ኮምፒውተር «6 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ» ብሎ ትዕዛዙን ይሰጣል፤ እስክንወጣ የሚወስደውንም ጠቅላላ ጊዜ ያሳያል። ደካማው ቀስት እያበራ ይጮኻል እንጂ ምን እንደምናደርግ አይነግረንም። ፌርማታውን የዘለለን ሰው ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት ከስሌቱ የሚዘጉም አሉ። አምራቾቹ በዚያ ሰው ላይ ጥለቃ ማቆም አለበት ብለው መፍረዳቸው ይገባኛል። ቢሆንም እዚያው ውሃ ውስጥ እያለ መንገዱን ማሳየት የሚቀጥል መሣሪያ ይሻለኛል። ወደ ላይ የመውጫውም ፍጥነት እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ በደቂቃ 9 ወይም 10 ሜትርን ወሰን ያደርጋሉ፤ ይህ ገና ሳናልፈው በሚሞላ መስመር ቢታይ፣ ካለፍነው በኋላ ከሚመጣ ጩኸት እጅግ ይሻላል።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው የባትሪውን ክዳን ይክፈት። አረንጓዴ ዝገት ካለ ጨው ገብቷል ማለት ነው፤ ዋጋውን ሳይከራከሩ መመለስ ነው። የጎማ ቀለበቱ የተሰነጠቀ ከሆነ የሚቀየር ነውና አያስፈራ፤ የግፊት መለኪያው ቀዳዳ በደረቀ ጨው መደፈኑ ግን ባለቤቱ ከጥለቃ በኋላ በንጹሕ ውሃ እንደማያጥበው ይናገራል። ከተቻለ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በአንድ ክንድ ታስሮ ይጥለቅ። ልዩነት ከታየም ከመፍረድ በፊት አንዱ ለጨዋማ፣ ሌላው ጨዋማ ላልሆነ ውሃ ተስተካክሎ እንደሆነ ማየት ነው፤ በዚህ ብቻ 3 በመቶ ገደማ ይለያያሉ፣ 30 ሜትር ላይ ወደ 1 ሜትር ይጠጋል።

እኛ ደጋ ለምንኖር ሰዎች የቀረ አንድ ጉዳይ አለ፤ በውጭ አገር መጽሔቶች የዋጋ ንጽጽር ውስጥ በአንድ መስመር የሚታለፈው የከፍታ ጉዳይ። ከ300 ሜትር በላይ ያለ ውሃ ለጠላቂ ከፍታ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የቢሾፍቱ ሐይቆችም ከዚያ ከፍ ይላሉ። ሱንቶ ዙፕ ኖቮን የመሰለ መሣሪያ ላይ ከፍታውን በእጅ መምረጥ ያስፈልጋል። ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር የሚለውን ሳይመርጡ ጣና የገቡ እንደሆነ ስሌቱ ባሕር ዳርቻ ያሉ መስሎት ይቀጥላል። የአየር ግፊቱን ራሱ ለክቶ የሚያስተካክል ኮምፒውተር ለእኛ ትርፍ ጌጥ አይደለም፤ ለዚህ የሚጨመረውን ገንዘብ ያለ ቅሬታ እከፍላለሁ።

ከባሕር ስንመለስም ጉዳዩ ያው ነው። ዳን በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የጠላቂዎች የደኅንነት ድርጅት ከአንድ ጥለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋጋሚ ጥለቃ በኋላ 18 ሰዓት፣ የግድ ፌርማታ ከነበረ ደግሞ ከዚያም ረዘም ያለ ጊዜ ሳይበሩ መቆየትን ይመክራል። ዱባይ የሚያርፍ ሰው አውሮፕላኑ ሲወርድ ወደ ወፍራም አየር ይመለሳል። ቦሌ ግን 2,300 ሜትር አልፎ ነው የሚገኘው፤ የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት የሚቀበለን ግፊት በጉዞው ላይ ከነበረው ብዙም አይለይም። ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣም ሰው በክንፍ አይበር እንጂ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደዚያው ከፍታ ይወጣል። ስክሪኑ ላይ «ገና አትብረር» የምትለውን ትንሽ የአውሮፕላን ምልክት «እኔ በባቡር ነኝ» ብሎ የሚያልፋት ብዙ ነው። ስለዚህ ይህች ምልክት የቀረውን ሰዓት በቁጥር ታሳይ እንደሆነ፣ ወይም እንዲያው በርታ ብቻ ትጠፋ እንደሆነ ሳላይ አልገዛም። አሁን ያለኝ በቁጥር ያሳያል። ባለፈው ጉዞዬ ማታ ጀልባው ላይ 17 ይል ነበር፤ የጠዋቱን ትኬት ለማግስቱ አዛወርኩት።