የጀግናው ዝናና የሙታን ቁጥር

ፍራንክ ኸርበርት እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ዱን» የተሰኘ የሳይንስ ልብ ወለድ፣ ፖል አትራይደስን የበረሃ ሕዝብ መሪና ነቢይ አድርጎ አነገሠው። በ1969 ባወጣው «የዱን መሲሕ» ግን ጀግናውን በገዛ አንደበቱ ሙታኑን ያስቆጥረዋል፤ 61 ቢሊዮን!

የድርሰቱ ኃይል በዚህ ትዕይንት ላይ ነው። የጦር ባልደረባው ስቲልጋር፣ ሂትለር ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው መፍጀቱን ሲሰማ ቁጥሩ ያንስበታል። እውነቱ በግልጽ ተነገረ፤ አምላኪ የሆነው ወዳጅ ግን አልደነገጠም። ፖል ዓይኑ ጠፍቶ ብቻውን ወደ በረሃ ሲገባማ ዝናው ይብሱን ይገንናል።

እንደ ተውኔት ጸሐፊነቴ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ደራሲው የድል አድራጊዎቹን ቁስል፣ የአሮጌውን ዘማች የፋሮክን ልጅ ዕውርነት ያሳየናል፤ ከተሸናፊዎቹ ወገን ግን ልጇን የምታለቅስ አንዲት እናት እንኳ ወደ መድረኩ አላወጣም። ስለዚህ እኛም አንባቢዎቹ እንደ ስቲልጋር ቁጥሩን ብቻ ይዘን እንቀራለን።