ለእናቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ ተማሪ

ሩማንያ የተወለደው ፈረንሳዊ ራዱ ሚሃይሌያኑ በ1997 ዓ.ም. ያወጣው፣ ርእሱ በአማርኛ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» የሚሆነው ፊልም የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቤተ እስራኤላውያን ጉዞ ሲወራ ነው። ለእኔ ግን ከጉዞው ይልቅ ልጅን በሰው አገር ስለማሳደግና ስለማስተማር የተሠራ ፊልም ነው።

ዘመኑ 1977 ዓ.ም. ነው። ሱዳን መጠለያ ውስጥ ያለች ክርስቲያን እናት ልጇን ከረሃብ ለማዳን ስትል፣ ልጇ ከሞተባት ቤተ እስራኤላዊት ጋር በ«ሙሴ ዘመቻ» ወደ እስራኤል ትሸኘዋለች። ሴትየዋም ብዙ ሳትቆይ ታርፋለች። ሽሎሞ የተባለውን ይህን ልጅ ቴል አቪቭ የሚኖሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ባልና ሚስት ይወስዱታል። ልጁ አልጋውን ትቶ መሬት ላይ ይተኛል፤ ገላውን ሲያጥቡት ውሃው ቱቦ ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ አይቶ ይደነግጣል።

በትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚታየው ትዕይንት የሚረሳ አይደለም። የሌሎች ልጆች ወላጆች ከጥቁሩ ልጅ በሽታ ይጋባብናል ብለው ሲያንገራግሩ፣ አሳዳጊ እናቱ ያኤል በፊታቸው ጉንጩን ትስመዋለች፣ ትልሰዋለችም። ንግግር ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልሆነ ነበር።

ከዚህም የሚበልጥ፣ ብዙም ያልተነገረለት ሌላ ነገር አለ። ልጁ በትምህርቱ ይገፋል፤ ዕብራይስጥ ያነባል፤ ለእናቱ የሚልከውን የአማርኛ ደብዳቤ ግን የሚጽፉለት አንድ አዛውንት ቄስ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ይህን ሁሉ ሲያስተምረው ለእናቱ የሚጽፍበትን ፊደል አላስቆጠረውም። ዛሬ ዋሽንግተን አካባቢ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እሑድ እሑድ «ሀ ሁ» የሚያስቆጥሩ ሰዎች የሚታገሉት ከዚሁ ጉድለት ጋር ነው።

ቅሬታዬ ወዲህ ነው። ፊልሙ ልጁን ለተማሩ፣ ከአስተማሪ ጋር በቋንቋው ለሚከራከሩ ሰዎች በመስጠቱ ዋናውን ጣጣ ዘሎታል። በዚያ ዘመቻ፣ ኋላም በግንቦት 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ባጓጓዘው «ሰለሞን ዘመቻ» ከሄዱት ብዙዎቹ የገጠር ሰዎች ነበሩ። ልጅ በጥቂት ወር ቋንቋውን ይለምዳል፤ አባት ገና ሰላምታ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት የመጣውን ወረቀት የሚያነብለት ያው ልጁ ነው፤ ክሱ በልጁ ላይ ከሆነማ አስተርጓሚውም ተከሳሹ ነው! ከፍ ከፍ ያሉትን ልጆች አብዛኞቹን ደግሞ አዳሪ ትምህርት ቤት ወሰዳቸው፤ አባት ሊመክር ቀርቶ ሊቆጣ እንኳ ዕረፍት እስኪደርስ መጠበቅ ነበረበት። እንዲህ ያለው አባት በዚህ ፊልም ውስጥ ቦታ የለውም።

ከመሐል በኋላ ደግሞ ሩጫ ይበዛል፤ ፓሪስ፣ ሕክምና፣ ትዳር፣ ሁሉም ይከታተላል። ጎልማሳውን ሽሎሞ ሆኖ የሚሠራው፣ ራሱም ኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ እስራኤል የሄደው ሲራክ ሳባሃት፣ ይህን ሁሉ ችሎ ይወጣዋል።

በመጨረሻ ሽሎሞ ሐኪም ሆኖ ሱዳን ሲመለስ እናቱን ያገኛታል፤ ትጮሃለች፤ ፊልሙም ያልቃል። እኔ ግን አምስት ደቂቃ እንዲጨመርልኝ እፈልግ ነበር። ጩኸቱ ካበቃ በኋላ የሚነጋገሩበት አማርኛ ምን ያህል ቀርቶታል?