ፉከራ በስፓኒሽ፦ ‹አፍሮ-ላቲን ሶል›ን እንደገና ማድመጥ

ከተክለ ሃይማኖት ተነሥቶ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያቀና ሰው የትግላችን ሐውልትን ያገኛል። በኦጋዴን ጦርነት ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፈው የወደቁ ኩባውያን እዚያ ይታሰባሉ። የላቲን ሙዚቃው ግን ወታደሩን በአሥር ዓመት ያህል ቀድሞታል። ሙላቱ አስታጥቄ ኒውዮርክ ውስጥ ከፖርቶሪኮ ተወላጆች ጋር ‹ኢትዮጵያን ኩዊንቴት›ን አቋቁሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በወርዚ ሪከርድስ ‹አፍሮ-ላቲን ሶል› የተሰኙ ሁለት አልበሞች አሳትሟል።

አልበሞቹ አብዛኛውን ጊዜ «የኢትዮ-ጃዝ ጅማሮ» ተብለው ይታለፋሉ። አባባሉ ስሕተት ባይሆንም ሰነፍ ነው። ጆሮ ሰጥቶ ላደመጣቸው የቤቱ አባወራ ላቲኑ ነው፤ ባለ አምስት ድምፁ ቅኝታችን በእንግድነት ገብቶ በቫይብራፎኑ በኩል አንገቱን ብቅ ያደርጋል።

ይህ በግልጽ የሚሰማው በመጀመሪያው ቅጽ ባለው ‹አይፈራም ጋሜ አይፈራም› ላይ ነው። የጥንት የጦረኛ ዜማ በስፓኒሽ ይዘፈናል! ሐሳቡ ደፋር ነው፤ ዋጋ ግን አስከፍሏል። የሄቪ ሜታል አድማጭ ከጊታር ጩኸት የሚፈልገውን ግርማና ቁጣ እኛ በፉከራና በሽለላ ስናገኘው ኖረናል። ፎካሪ ምት አይቆጥርም። ትንፋሹ እስኪያልቅ ያወርደዋል፣ ይቆማል፣ ያጓራል፣ ይንጎራደዳል፤ አጃቢው እሱን ይጠብቃል እንጂ እሱ አጃቢውን አይጠብቅም። የኩባው ክላቭ በአንጻሩ አምስት ምቶችን በሁለት ባር ላይ ደልድሎ ዘፋኙንም ፒያኒስቱንም ኮንጋ መቺውንም ያስገዛል። ጦረኛው እዚህ ሕግ ውስጥ ሲገባ ይጨፍራል እንጂ አያስፈራም። ዘፈኑ ለዳንስ ግሩም ነው፤ ፉከራነቱ ግን የቀረው በርእሱ ብቻ ይመስለኛል።

ሙላቱ ራሱ ሚዛኑን ያስተካከለው እ.ኤ.አ. በ1972 ‹ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ› ላይ ነው። እዚያ ባሱ ረጋ ይላል፣ ቅኝቱ መሪነቱን ይይዛል፣ ላቲኑ አጃቢ ይሆናል።

የጠፋውን ክብደት ፍለጋ በሌላ መንገድ የወጣው ጃኖ ባንድ ነው። በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ‹ኤርታሌ› ሻካራ የሮክ ጊታርን ከአገርኛ ዜማ ጋር ያጋባል። የአልበሙ ስም የአፋሩ እሳተ ገሞራ መሆኑም ያለ ነገር አይደለም። ዲስቶርሽን ያለበት ጊታር ድምፁን እየጎተተ ማቆየት ስለሚችል ለመሰንቆ ጸባይ ከፒያኖ ይልቅ ይቀርባል፤ የባንዱ ድምፃውያን ዜማውን ሲያንከባልሉትም ከሥራቸው አይከዳቸውም። ሆኖም ድራሙ አራት እየቆጠረ ይሄዳል። ጃኖ ጉርምርምታውን አስመልሷል፤ የፎካሪውን ነጻ ትንፋሽ ግን አላስመለሰም። ለዚህ ከጊታሩ ይልቅ ድራመሩ ነው መለወጥ ያለበት፤ ዱላውን አንሥቶ ዘፋኙ ቃሉን እስኪጨርስ የሚጠብቅ ድራመር ያስፈልጋል።