የወል ግጦሽ ክርክርና የመንዝ ጓሳ

አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጋሬት ሃርዲን በ1961 ዓ.ም. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፥ የወል ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ነበር፤ እረኛው ከብት በጨመረ ቍጥር ትርፉ ለራሱ፥ ጉዳቱ ግን ለሁሉ ነውና። ይህ ደንብ ለሌለው መሬት እውነት ነው፤ ኋላ ራሱም ይህንኑ አምኗል። የወል ማለት ግን ባለቤት አልባ ማለት አይደለም።

ለዚህ ምስክሩ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚገኘው የመንዝ ጓሳ ነው። የአስቦና የጌራ ርስተኞች ለብዙ ዘመናት በቄሮ ሥርዓት አለቃ እየሾሙ፥ ሜዳውን ለዓመታት እየዘጉ፥ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣር በጊዜው ያጭዱ ነበር። ሥርዓቱ የፈረሰው በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ነው፤ ሣሩም ከዚያ ወዲህ ተጐዳ።

ነገር ግን ቄሮን ያለ ልክ የሚያመሰግኑ ጸሐፊዎችም አንድ ነገር ይዘነጋሉ፤ ሜዳው የርስተኛ እንጂ የሁሉ አልነበረም። ዐዋጁ ይህን አድልዎ ሲያስቀር ጥበቃውንም አብሮ አስቀረ። እንግዲህ ጓሳን መልሶ ማልማት የዘር ሐረግን መመለስ ሊሆን አይገባም፤ ሊመለስ የሚገባው የመዝጊያው ዘመንና የጠባቂው ሥልጣን ነው። የዛሬውም የማኅበረሰብ ጥበቃ ሊመዘን የሚገባው በቀይ ቀበሮው ቍጥር ብቻ ሳይሆን፥ ሣሩ ለማን እንደ ደረሰ ጭምር በመጠየቅ ነው።