የመጀመሪያዋ ታራንቱላ

ታራንቱላ ማሳደግ የሚፈልጉ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ቀለምና ስለ መጠን ነው። ሰማያዊዋ የት ትገኛለች? ትልቋስ የትኛዋ ናት? ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ እዚህ አሜሪካ ተወልደው ያደጉ የአገሬ ልጆች ናቸው። ከኋላቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ እናት አለች፤ “ከቤቴ ሸረሪት ስጠርግ ኖሬ አሁን በገንዘቤ ገዝቼ ላስገባ?” ትላለች። ለልጁም ለእናቱም መልሴ አንድ ነው። ለጀማሪ የምትመረጠው በጣም የምታምረው ሳትሆን ለመማር ጊዜ የምትሰጠው ናት። ስትደነግጥ የማትፈተለክ፣ የአፈሩን እርጥበት ባታስተካክሉላት ቶሎ የማትጎዳ፣ ንክሻዋም ሐኪም ቤት የማያስኬድ መሆን አለባት።

ከአንድ ሺህ በላይ የታራንቱላ ዝርያዎች ይታወቃሉ። አርቢዎች በሁለት ጎራ ይከፍሏቸዋል። የሰሜንና የደቡብ አሜሪካ ዝርያዎች አብዛኞቹ ሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ፀጉር አላቸው፤ ሲሰጉ በኋላ እግራቸው እያራገፉ ይበትኑታል። የአፍሪካና የእስያዎቹ ይህ ፀጉር የላቸውም። ስለዚህ መከላከያቸው ፍጥነትና ንክሻ ነው። በሕንድና በስሪላንካ ዛፎች ላይ የሚኖሩት ባለ ውብ ቀለም ዝርያዎች ሲነክሱ ኃይለኛ የጡንቻ መኮማተር ያስከትላሉ። በኬንያና በታንዛኒያ የምትገኘው ብርቱካናማዋም ፈጣንና ቁጡ ናት። የአገር ቤት ጎረቤት ናት ብሎ በእሷ መጀመር አይገባም።

የአሜሪካዎቹ መርዝ ግን በአብዛኛው ቀላል ነው። የአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ የነፍሳት ተመራማሪ የነበረው ዊልያም ቤርግ ታራንቱላዎችን ለብዙ ዓመታት አሳድጎ አጥንቷል፤ በራሱ ላይም ሞክሮ የአካባቢው ታራንቱላ ንክሻ ለሰው የሚያሰጋ እንዳልሆነ አሳይቷል። የጤነኛ ሰው ሕመም ከንብ ንድፊያ ብዙም አይለይም፤ አለርጂ ያለበት ሰው ግን መጠንቀቅ አለበት። እኔን የሚያሳስበኝ ይልቅ ፀጉሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ የታራንቱላውን ሳጥን ሲያጸዳ የነበረ ሰው ፀጉሩ ዓይኑ ውስጥ ተሰክቶበት መታከሙ በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። ሳጥኑን ስትከፍቱ ፊታችሁን አርቁ፤ ስትጨርሱ እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ።

ምርጫውን ለእኔ ከተዋችሁልኝ የሆንዱራስና የኒካራጓ ተወላጅ የሆነችውን “ከርሊ ሄር” አስቀድማለሁ። ቡናማ ናት፤ ከሰማያዊዎቹ ጎን ስትቀመጥ ዓይን አትስብም። ነገር ግን በደንብ ትበላለች፣ ደረቅ አፈርም ትንሽ እርጥብ አፈርም ትችላለች፣ ብትደነግጥ ጥቂት ርምጃ ሮጣ ትቆማለች። የአርጀንቲናና የፓራጓይዋ “ቻኮ ጎልደን ኒ” ትልቅና ረጋ ያለች ናት። “አሪዞና ብሎንድ” የበረሃ ፍጥረት ስለሆነች ደረቅ አፈርና የውሃ ሳህን ይበቃታል፤ እድገቷ ግን እጅግ አዝጋሚ ነው። የሜክሲኮዋ ባለ ቀይ ጉልበት ውበትም ጥንካሬም አላት፤ ፀጉር ለመበተን ግን ፈጣን ናት። ከአሜሪካዎቹም ሁሉም ለጀማሪ አይሆኑም። የደቡብ አሜሪካዋ ግዙፍ “ጎልያድ” ሁልጊዜ እርጥበት ትፈልጋለች፤ ፀጉሯም ከብዙዎቹ የባሰ ነው። ዛፍ ላይ የሚኖሩት ደግሞ ይፈጥናሉ፤ አየር በደንብ ካልተዘዋወረላቸውም ቶሎ ይሞታሉ።

ዝርያውን ከወሰናችሁ በኋላ ዕድሜና ጾታ ይከተላል። ገና የተፈለፈለች ጫጩት አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ናት። ዋጋዋ ርካሽ ነው፤ ግን ቶሎ ትደርቃለች፣ የምትበላውም እጅግ ደቃቅ ነፍሳት ነው። ያደገ ወንድ ከሆነ ደግሞ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ብዙም አይዘልም። የብዙዎቹ ሴቶች ዕድሜ ግን ከሃያ ዓመት ይበልጣል። ስለዚህ እግሮቿ ሲዘረጉ ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲሜትር የምትሆን፣ ሴትነቷ የተረጋገጠ ታዳጊ እመክራለሁ። ሻጩ የጣለችውን ቆዳ በማጉያ መርምሮ ሴት መሆኗን ማወቅ ይችላል።

በሰው እጅ የተወለደች መሆኗን መጠየቅ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። የሜክሲኮ ባለ ቀይ ጉልበቶች ለገበያ ሲባል ከዱር በብዛት ስለተለቀሙ “ስሚቲ” የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ሴቷ ለመውለድ ብዙ ዓመት ይፈጅባታል፤ አንዲት ትልቅ ሴት ከጉድጓዷ ስትወጣ የሚተካት ቶሎ አይገኝም። ከዱር የመጣች ደግሞ ዕድሜዋ አይታወቅም፤ ጥገኛ ትላትሎችም ሊኖሯት ይችላሉ። ሳይንሳዊ ስሟንም ጠይቁ፣ የገበያ ስም ያሳስታልና። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ለዓመታት “ስሚቲ” እየተባሉ የተሸጡት ብዙዎቹ “ሃሞሪ” የተባለ ሌላ ዝርያ መሆናቸውን አሳይቷል።

ሳጥኑ ከሸረሪቷ ቀድሞ ይዘጋጅ። ምድር ላይ ለምትኖር ታራንቱላ ከፍታ አደጋ ነው። ግድግዳ ወጥታ ብትወድቅ ስስ የሆነው የሆዷ ቆዳ ይፈነዳና ፈሳሿ አልቆ ትሞታለች። በዚህ ምክንያት ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለው ርቀት ከእግሯ ዝርጋታ አንድ ጊዜ ተኩል እንዳይበልጥ አድርጉ። ማዳበሪያና ፀረ ተባይ የሌለበት አፈር ወይም የኮኮናት ቃጫ፣ መሸሸጊያ ቅርፊት፣ ጠፍጣፋ የውሃ ሳህን ይበቃታል። ጥፍሯ ስለሚያዝ የሽቦ ወንፊት ክዳን አይመረጥም። ሰው የሚመቸው የቤት ሙቀት ለእሷም ይመቻታል፤ የማሞቂያ አምፖል ያደርቃታል።

የዚህ ሙያ ትልቁ ፈተና እጅን መሰብሰብ ነው። ለታዳጊ በሳምንት አንድ ክሪኬት ወይም ትንሽ በረሮ ይበቃል። አንድ ቀን መብላት ታቆማለች። ሆዷ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም የመሸሸጊያዋን በር በአፈር ትዘጋለች። ጀማሪው ታመመች ብሎ ቆፍሮ ያወጣታል፣ ምግብ ይጨምርላታል፣ ውሃ ይረጭባታል። እሷ ግን ቆዳ ልትቀይር እየተዘጋጀች ነው። ቀኑ ሲደርስ በጀርባዋ ትተኛለች፤ የሞተች ትመስላለች። ያን ጊዜ ገላዋ ለስላሳ ስለሆነ የሚነካት እጅ ይጎዳታል፤ ሳጥኑ ውስጥ የተረሳ ክሪኬትም ሊበላት ይችላል። ክሪኬቱን አውጡ፣ ውሃዋን ሙሉ፣ ተዉአት። ነጭ ሆኖ የሚወጣው የመርዝ ክራንቻዋ እስኪጠቁር ምግብ አትስጧት። ረጋ ያለች ዝርያ ምረጡ የምለውም ለዚህ ነው። ጀማሪ መጣደፉ አይቀርም፤ እሷ ግን እስኪረጋ ድረስ ትችለዋለች።

ለወላጆችም የምለው አለኝ። ታራንቱላ አትለመድም፤ እጅ ላይ መውጣትም ለእሷ ጥቅም የለውም፣ የመውደቅ አደጋ እንጂ። ልጃችሁ የሚያቅፈው እንስሳ ከፈለገ ጥንቸል ግዙለት። ተቀምጦ ማየት፣ መመዝገብና መጠበቅ የሚወድ ከሆነ ግን አትከልክሉት። ኮሌጅ ሲገባ ማን እንደሚይዛት ግን ከአሁኑ ተነጋገሩ፤ በዚያን ጊዜ በሕይወት መኖሯ አይቀርምና። ወደ ሻጩ ስትሄዱ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሳይንሳዊ ስሟ ማን ነው? የት ተወለደች? ሴት መሆኗ በምን ታወቀ? አንዱን እንኳ መመለስ ካቃተው ከሌላ ሻጭ ግዙ።