ሦስት ፊደል ለአንድ ሕፃን

በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ የሚያድግ የሙስሊም ልጅ ገና በሰባት ዓመቱ ሦስት ፊደላት ይጠብቁታል። በትምህርት ቤት ሀ ሁ እና ኤ ቢ ሲ፣ በቁርኣን ቤት ደግሞ አሊፍ ባ ታ። የሕፃን አእምሮ ይህን ይችላል። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ እንግሊዝኛውን ምን ያደርግበታል?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ማድረጉ የሚመሰገን ነው። እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ማስተማሪያ እንዲሆን ደነገገ። ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው። ቋንቋውን ሳይናገረው ያደገ መምህር ቃሉን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪው በኅብረት ይደግማል፣ ይገለብጣል፣ ለፈተና ይሸመድዳል። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ፊዚክሱም ታሪኩም በዚያው ቋንቋ ይመጣበታል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም ጥያቄውን በቅጡ ሳይረዳ የወደቀ ልጅ ሰነፍ መባሉ ፍትሕ አይደለም።

ዘይድ ኢብን ሳቢት (ረ.ዐ.) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትእዛዝ የአይሁዶችን ጽሕፈት በአጭር ጊዜ የተማሩት ደብዳቤ ሊያነቡና መልስ ሊጽፉበት ነበር። ቋንቋ ሲሠሩበት ይያዛል። እንግዲህ መንግሥት ከመጽሐፉ በፊት መምህሩን ያሠልጥን። እኛ ወላጆችም ማታ ልጃችንን «ስንት አመጣህ?» ከማለታችን በፊት «ዛሬ በእንግሊዝኛ ምን ተናገርክ?» እንበለው።